አጥንት የሌለበት እራት

ኅዳር 4 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፦

«ሰላምታህ ቆራጣ ነው» ብለሽ ስለ ተቆጣሽ ዛሬ ሰላምታዬን እንደ ጡብ ደርድሬ እጀምራለሁ። እንዴት ነሽ? አንገትሽ እንዴት ነው? የተሰፋው ቦታ ማሳከኩን ተወሽ? ትራስሽን ከፍ አድርገሽ ተኚ የተባልሽውን ትሰሚያለሽ፣ ወይስ እንደ ልማድሽ ከአልጋ ወርውረሽው ታድሪያለሽ? እታለምስ ደህና ናት? ታላቅሽ ናትና ከእግሯ ዝቅ ብዬ ሰላም እንዳልኳት ንገሪልኝ። እኔ ደህና ነኝ። ቤቱም ደህና ነው። የበረንዳው አበባሽም ደህና ነው፤ አንደኛው ብቻ ትንሽ አኩርፏል።

«ለምን በስልክ አትጽፍልኝም?» ላልሽው፣ ሞክሬ ነበር። በእነዚህ ጣቶች አንድ ፊደል ስነካ ሦስቱ ተያይዘው ይወጣሉ። ደግሞ ደብዳቤ ይሻላል። የጣቢያው ሹፌሮች «የእሷ ከሆነማ እኔ ነኝ የማደርሰው» እያሉ ይሻሙበታል። ያን ሁሉ ዓመት አውቶቡሳቸውን በድምፅ ማጉያ ስትጠሪላቸው ኖረሻል፤ ዛሬ እነሱ ያንቺን ወረቀት ቢያመላልሱልሽ ምን አለበት? አንቺም መናገር እስክትጀምሪ ድረስ እንዲህ እንጻጻፍ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። እታለም ደውላልኝ ነበር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ ለስላሳ ነገር ብቻ ትብላ፤ የሚያቃጥል ነገር አይንካት፤ ዓሣና አትክልት ጥሩ ነው፣ አጥንት ግን ለዓይን እንኳ እንዳይኖርበት» ማለቱን ነገረችኝ። ቀጥላ ምን አለች መሰለሽ? «ያ ጡብ አቃጣይ ባሏ ምን ሊያበላት ነው? እዚሁ እኔ ጋ ትቅር!» ባልየው እኔ መሆኔን ረስታው እኮ ነው፣ ወይም ሳትረሳው። ልቆጣ አልኩና ከምን ተነስቼ እቆጣለሁ? እውነቷን ነው። ዕድሜዬን ሙሉ እቶን ፊት ቆሜ የኖርኩ ሰው ነኝ፤ እንቁላል ስጠብስ ግን ጎረቤት ሁሉ በጭሱ ያውቃል።

እንድትቀሪ አልፈልግም። ይኸው፣ በግልጽ ጻፍኩት። ስለዚህ አስተምሪኝ። ያ እንግዳ ሲመጣ የምትሠሪው ዓሣ፣ ከነአትክልቱ በአንድ ትሪ ኦቨን የሚገባው፣ እንዴት ነው የሚሠራው? ኦቨኑን ዛሬ ከፍቼዋለሁ። እንግዳ ከመጣ ቆይቷል መሰለኝ፣ ውስጡ ድስት፣ የድስት ክዳን፣ የተቀደደ ወንፊትና ያቺ ጠፋች ብለሽ ያኮረፍሽባት ሰማያዊ ሳህን አሉ። ሁሉንም አውጥቼ አልጋሽ ላይ ደርድሬያቸዋለሁ። ቦታ አጥቼ ነው፤ አትቆጪ።

ባልሽ

*

ኅዳር 9 ቀን

ለአባወራዬ፦

ሳህኗን ስላገኘሃት ይቅርታ ተደርጎልሃል። አልጋዬ ላይ ድስት መደርደርህን ግን ሌላ ቀን እንነጋገርበታለን። እንጻጻፍበታለን ማለቴ ነው።

እኔ ደህና ነኝ። ማሳከኩ ቀርቷል። ትራሱን ከፍ አድርጌ እተኛለሁ፤ ጠዋት ወለል ላይ ካገኘሁት ጥፋቱ የትራሱ ነው። እታለም ሰላም ብላሃለች። «ከእግሯ ዝቅ ብዬ» ያልከውን ባሳያት ሳቀች፤ እሷን ማሳቅ ደግሞ እንዴት እንደሚከብድ ታውቃለህ። በተናገረችው አትቀየማት። ፈርታ ነው። ሆስፒታል ስገባ በር ላይ ጥላኝ የሄደች መስሎኝ ነበር፤ ለካ ኮሪደሩ ውስጥ ቆማ ነበር ያደረችው።

አሁን ስማኝ። መጀመሪያ ገበያው መግቢያ ላይ ወዳለችው ዓሣ ሻጭ ሂድ። ትልቅ ዓሣ ምረጥ፤ የትልቅ ዓሣ አጥንት በቀላሉ ይታያል። «ሥጋውን ብቻ ለዪልኝ» በላት። እሷ ጎበዝ ናት፣ ግን ወሬዋ ከቢላዋዋ ይፈጥናል፤ ስለዚህ ቤት ስትደርስ እንደገና ፈልግበት። ድንች፣ ካሮት፣ ዝኩኒ፣ ቲማቲም፣ ቀይ ሽንኩርት ግዛ። ድንቹንና ካሮቱን አሳንሰህ ክተፋቸው፤ ዳተኞች ናቸው፣ ቀድመው ይግቡ። ዘይትና ጨው አድርግባቸውና በእጅህ እሻቸው፤ በማንኪያ እንዳይሆን። እነሱ ለስለስ ሲሉ ዝኩኒውን፣ ቲማቲሙንና ሽንኩርቱን ጨምር። ዓሣው መጨረሻ ነው። ነጭ ሽንኩርት ቀባው፣ ሎሚ ጨመቅ አድርግበት፣ ከአትክልቱ ላይ አጋድመውና በሩን ዝጋ። ሌላ ሥራ የለህም። ማማሰል የለም፣ ማገላበጥ የለም፣ ሁለተኛ ዕቃ ማጠብም የለም።

«ስንት ደቂቃ?» ልትለኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ለዓሣው ብዙ አይደለም። ሽታው ከወጥ ቤት ወጥቶ አንተ ያለህበት ሲመጣ ሂድና እየው።

ሚስትህ

*

ኅዳር 15 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፦

እንዴት ሰንብተሻል? ስፌቱ እንዴት ነው? የእታለም ጉልበት እንዴት ነው? የቤቷ ደረጃ አሁንም ያስቸግራታል? ያ የጎረቤቷ ሽማግሌስ ደህና ናቸው? እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ፀሐዩም ጥሩ ነው። ጡብ ቤት አዲስ ጋሪ መጥቷል፤ ጎማው አይጮኽም።

ስለ ዓሣው ከሆነ፣ ተበልቷል። በደንብ ተበልቷል፤ ሳህኑ እስኪላስ ድረስ። ዓሣ ሻጯ ሰላም ብላሻለች። «ጋሼ፣ እንኳን አጥንት ነፍስም አልተውኩበትም» ብላ ነው የሰጠችኝ። አትክልቱን እንዳልሽው በእጄ አሸሁት፤ ከዚያ በየመሃሉ የጣት ክፍተት እየተውኩ ትሪው ላይ ደረደርኩት። ይህን አንቺ አላልሽኝም። ክፍተት ከሌለ እሳቱ በየት ያልፋል ብዬ ነው፤ ካጠፋሁ ንገሪኝ። ሽታው ሳሎን ድረስ ሲመጣ ወዲያው አጠፋሁት። በማግስቱ በሩን ስከፍተው ሁሉም በየቦታው ነበር።

የትሪው ጠርዝ ትንሽ ጠቁሯል። ይቅርታ። ፎጣሽም ትንሽ ጠቁሯል። ለእሱም ይቅርታ። ሌላ ነገር የለም።

ባልሽ

*

ኅዳር 19 ቀን

ለአባወራዬ፦

ማን በላው?

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ! አንተን አውቅሃለሁ፤ የምትወደውን እንኳ ስትበላ ሳህን አትልስም። ደብዳቤህን ያመጣው ሹፌርም ሲሰጠኝ ከንፈሩን ነክሶ ነበር። እታለም ስትጠይቀው «ጋሼ ድመት ማሳደግ ጀምሯል» አላት። የእኔ ጌታ፣ ለሐኪሙ የምነግረው አስተማማኝ ነገር ነው የምፈልገው፤ ድመቷ ማመስገኗን አይደለም።

ደግሞ የት እንደ ተሳሳትክ ራስህ ጽፈህልኛል። «በማግስቱ በሩን ስከፍተው»! አንብቤው ልቤ ፍርስ እስኪል ሳቅሁ። አንተ ሰውዬ፣ እቶን መስሎህ ነው? ገና ስንጋባ ጀምሮ «የጋለ በር የከፈተ፣ የደከመበትን ሰነጠቀ» እያልክ ስትመክረኝ የኖርክ ሰው ነህ፤ የኦቨኑንም በር እስኪበርድ ጠበቅኸው፣ አይደል? ዓሣው በዚያ ሙቀት ተዘግቶበት ሲያድር ምን ሆነ? ጡብ። እሳቱን ስታጠፋ በሩንም ክፈት። ትኩሱን አውጣው። አይሰነጠቅም። ቢሰነጠቅም ደስ ይላል እንጂ አይጎዳም።

ክፍተቱን በተመለከተ ግን አላጠፋህም። ተቆላልፎ የተደረደረ አትክልት በራሱ ላብ ይቀቀላል እንጂ አይጠበስም። እኔ ይህን እስክረዳ ብዙ ትሪ አበላሽቻለሁ፤ አንተ ማንም ሳይነግርህ አወቅኸው። ለእታለም አሳየኋት። «እህ» አለች። ከእሷ አፍ «እህ» ብርቅ ነው።

አሁንም ሾርባ ላይ ነኝ። ሐኪሙ ቁስሉ ቆንጆ ድኗል ብሏል። እንደገና ሞክር፤ ድመቷን ግን ከወጥ ቤት አስወጣት።

ሚስትህ

*

ኅዳር 26 ቀን

ይድረስ ለባለቤቴ፦

ሰላምታውን ዛሬ አሳጥሬዋለሁ፤ ተይኝ፣ የማወራው አለኝ።

ትክክል ነሽ። ድመቷ ናት የበላችው። እሷም ብትሆን ብዙ ጊዜ ከዞረችው በኋላ ነው። ይቅርታ፤ «አይችልም» እንዳትዪ ፈርቼ ነው የደበቅሁሽ።

አሁን ጉዱን ልንገርሽ። ይህ ኦቨን መብራት አለው! አንቺ ታውቂ ነበር? ለምንድን ነው ያልነገርሽኝ? ትሪውን ላስገባ ስል ክርኔ አንድ ቁልፍ ነካና ውስጡ ቦግ አለ። በሩ ላይ ያለው ጥቁር ነገርም ብረት አይደለም፤ መስታወት ነው። ጥቀርሻውን ፍቄ በሎሚ ልጣጭ አሸሁት፤ ወለል ብሎ ታየ። ከዚያ በርጩማ አምጥቼ ፊቱ ቁጭ አልኩ።

እኔ ስንት ዓመት እሳት ፊት ቆሜያለሁ። ጭቃ አስገብቼ ጡብ አውጥቻለሁ። መሃሉ ላይ ምን እንደሚሆን ግን አንድ ቀን አይቼ አላውቅም። በሩን እንደፍናለን፣ በጭቃ እንመርገዋለን፣ ቁጭ ብለን እንጠብቃለን። ሲበርድ እንከፍታለን። የገባው ሌላ፣ የወጣው ሌላ። መሃሉ የፈጣሪ ነው ብለን ትተነዋል። አውራ ጣት የምታህል ቀዳዳ አለች፤ በእሷ ብናይም ቀይ ብርሃን ብቻ ነው። ዓይን ያፈዛል እንጂ ምንም አያሳይም።

አሁን አየሁት። ድንቹና ካሮቱ መጀመሪያ ላብ አወጡ። ከዚያ ላባቸው ደረቀ። ከዚያ ጠርዛቸው ቀስ እያለ ወርቅ መሰለ። ቲማቲሟ ቆዳዋ ተጨማደደ፣ እንደ መተንፈስ አለችና ተሰነጠቀች፤ ውኃዋ ወደ ድንቹ ሄደ፣ ድንቹም ጠጣው። ዓሣውን በመጨረሻ አጋደምኩት። ሲገባ ሥጋው ብርሃን ያሳልፍ ነበር፤ ከሥሩ ያለው ካሮት ይታየኝ ነበር። ከዚያ ነጭነት ከዳር ገባ። ከየት እንደ መጣ አላውቅም። ወተት ውኃ ውስጥ እንደሚገባ እየሄደ እየሄደ ወደ መሃል ደረሰ። ማንም አልነካውም፣ ማንም አላማሰለውም፤ ትሪው እንደ ተቀመጠ ነው። ያ ሁሉ ነገር በአንድ ቆርቆሮ ላይ፣ አንዱ የሌላውን እየጠጣ፣ እያንዳንዱ ግን ራሱን ሆኖ በሰለ። ወሬ የማያልቅብኝ ሰውዬ አፌን ከፍቼ ቀረሁ። እንባዬ መጣ። በዓሣ! ለማን ይነገራል ይህ? ጡብ ቤት ብነግራቸው በጋሪ ጭነው ሐኪም ቤት ይወስዱኛል። ለዚህ ነው ለአንቺ የምጽፈው።

በሩን በጊዜው ከፈትኩ። ትኩስ በር ስከፍት ኃጢአት የሠራሁ መሰለኝ። ዓሣው በማንኪያ ስነካው ተፈረካከሰልኝ። ራሴ በላሁት። ድመቷ ምስክር ናት፤ በመስኮት ታየኝ ነበር።

አንድ ነገር ግን አስጨንቆኛል። በደብዳቤሽ ሁሉ ስለ ስፌቱ ጽፈሻል፣ ስለ ትራሱ ጽፈሻል፣ ስለ ቁስሉ ጽፈሻል። ስለ ድምፅሽ ግን አንድ ቃል የለም። እታለምን ደውዬ ብጠይቃት «ራሷ ትጻፍልህ» ብላ ዘጋችብኝ። ምን ተባልሽ?

ባልሽ

*

ታኅሣሥ 2 ቀን

ለአባወራዬ፦

ዓሣ ጎርጓሪ ዘንዶ ያወጣል ይባላል። ጎረጎርክ፤ ዘንዶውን እንካ።

ድምፄ አይመለስም። ሐኪሙ ከመቀደዴ በፊት «ሊሆን ይችላል» ብሎኝ ነበር፤ አሁን «ሆኗል» አለኝ። በሽታውን ሲያወጡ ድምፅ የሚሰጠውንም አብረው ማውጣት ነበረባቸው። የቀረው ንጹሕ ነው፤ እኖራለሁ። ለዚህ አመሰግናለሁ፣ አማርሬ አላውቅም። ግን ባለፈው ከእታለም ጋር መንገድ ስንሻገር ያላየችው ብስክሌት መጣባት። ልጠራት አፌን ከፈትኩ። ነፋስ ብቻ ወጣ። ብስክሌቱ አልፏት ሄደ፣ እሷም ምንም አልሆነችም፤ እኔ ግን መሃል አስፋልት ላይ አፌን እንደ ከፈትኩ ቆሜ ቀረሁ።

እዚያ ከተማ ውስጥ እኔ ድምፅ ነኝ። ፊቴን የማያውቅ ሰው ድምፄን ያውቃል። ዳቦ ቤት ገብቼ «ሁለት ዳቦ» ስል ሰው ሁሉ ዞሮ «እሷ ናት!» ይላል። አሁን ገብቼ በጣቴ ልጠቁም? አንተስ? ዕድሜ ልክህን ስታወራ እየመለስኩልህ ኖረናል፤ ከእንግዲህ ከግድግዳ ጋር ልታወራ ነው? እዚህ ማንም አያውቀኝም። ዝም ያለች ሴትዮ ነኝ፣ በቃ። ማንም ያጣሁትን አይፈልግብኝም።

ሌላም የደበቅሁህ አለ። እታለም ዓሣ ሠርታልኝ ነበር። ለቅማ ለቅማ ነው የሠራችው፤ ሆኖም ፀጉር የምታህል አጥንት አምልጣታለች። ጉሮሮዬ ላይ ተሰካች። መታፈን እንኳ ድምፅ ይፈልጋል ለካ! እሷ ጀርባዋን ሰጥታኝ ዕቃ ታጥብ ነበር። ብርጭቆ ገፍቼ ጥዬ ሲሰበር ነው ዞር ያለችው። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ከፊቴ ሲቀርብ ሳህኑን መልሼ እገፋለሁ። እታለምም እንደገና ለመሥራት ፈራች። ሾርባ ላይ ነኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። የአንተን ዓሣ ግን በደብዳቤ በላሁት፤ ወረቀቱ እስኪሳሳ አነበብኩት።

እታለም በሚመጣው ሳምንት ወደዚያ ትመጣለች። የብርድ ልብሶቼን፣ ሹራቦቼንና ቡናማ ጫማዬን ጠቅልለህ ስጣት። ምን ማለት እንደሆነ ይገባሃል። ይቅር በለኝ።

ሚስትህ

*

ታኅሣሥ 10 ቀን፣ በእታለም እጅ

ይድረስ ለባለቤቴ፦

ልብስሽን ጠቅልያለሁ። ትልቁ ሻንጣ ውስጥ ነው። የቡናማው ጫማሽ ተረከዝ አልቆ ስላገኘሁት ጫማ ሠሪ ጋ ወስጄ አስጠግኜዋለሁ። ሹራቦችሽን ሳጥፍ ብዙ ቆየሁ።

«አይሆንም» ብዬ ልጽፍ ስንት ወረቀት አበላሸሁ። አንቺ ደረቅ ነሽ፣ እኔም ደረቅ ነኝ፤ ደረቅ ጡብ በደረቅ ጡብ ላይ ያለ ጭቃ አይቆምም። ስለዚህ አልከለክልሽም። የጠየቅሽኝን ብቻ ልመልስ።

በእታለም በኩል ስለ ጣቢያው ላስጠየቅሽኝ፣ በድምፅ ማጉያው አሁን አንዲት ልጅ ትናገራለች። ደህና ልጅ ናት፤ ችኩል ናት እንጂ። ሹፌሮቹ «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፣ ቀስ በይ» ይሏታል። ቀድሜ ያልነገርኩሽ እንዳይከፋሽ ብዬ ነው። በእሷ በኩል ሳልፍ እኔም እርምጃዬን አፈጥናለሁ።

ከግድግዳ ጋር ልታወራ ነው ወይ ላልሽኝ። ሴትዮ፣ ድምፅሽማ የከተማው ነበር። መንገደኛው ሁሉ ሲሰማው ይውላል፤ ለእኔ የሚተርፈኝ አልነበረም። ቤት ስትገቢ ጉሮሮሽ ደክሞ ነው የምትገቢው። ጫማሽን ታወልቂያለሽ፣ እግርሽን ወንበር ላይ ትሰቅያለሽ፣ እኔ ስለ ጡብ ስቀባጥር አንቺ በቅንድብሽ ትመልሺልኛለሽ። «መለስኩልህ» የምትዪው እሱን ነው። አንዱ ከፍ ሲል «ውሸትህን ነው»፤ ሁለቱም ከፍ ሲሉ «እውነት?»፤ ዝቅ ሲሉ ደግሞ «በቃህ፣ እራት እንብላ»። ስንት ዓመት ከቅንድብሽ ጋር ተጨዋውተን እንዳረጀን አንቺ ብትረሺ እኔ አልረሳሁም። ሐኪሙ ቅንድብሽን ነክቶታል?

ስለ አጥንቱ የጻፍሽውን ሳነብ ከተቀመጥኩበት ተነስቼ በረንዳ ላይ ወጣሁ። ሰው ሲታፈን እኔ በሌላ ከተማ ጋሪ እገፋ ነበር። ከዚያ ወዲህ ዓሣ ስይዝ እንደ ቀድሞው አልይዘውም። እንዴት እንደምይዘው አልነግርሽም። እታለም የምትነግርሽንም ሁሉ አትመኚ፤ ሳታንኳኳ ነው የገባችው።

እራት በልታለች። ምን እንዳለች እሷ ትንገርሽ።

ኦቨኑ ፊት ሁለት በርጩማ አለ። ሁለተኛው ላይ እታለም ልትቀመጥ ስትል ከለከልኳት፤ ተቀይማኛለች። እዚያ ስትቀመጪ ማንም ምንም እንድትዪ አይጠብቅም። እኔም አላወራም። እውነቴን ነው፣ እዚያ ፊት አልችልም።

ባልሽ

*

ታኅሣሥ 14 ቀን

ለአባወራዬ፦

እታለም መጣች። ሻንጣውን በር ላይ አስቀመጠች፣ ካፖርቷን ሳታወልቅ ቁጭ አለችና «ያ ሰውዬ አብዷል» አለች።

«ምን አደረገ?» ብዬ ጻፍኩላት።

«በሩ ገርበብ ብሎ ነበር፣ ገባሁ። መስኮቱ ሥር ቆሞ ጥሬ ዓሣ ይስማል!»

በትክክል ያልሰማሁ መስሎኝ ደግሜ አየኋት፤ የምሯን ነው። ቅንድቤ ሁለቱም ከፍ አሉ መሰለኝ፣ ምክንያቱም «እውነት!» አለች። «ዓይኑን ጨፍኖ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ቀስ እያለ ይስመዋል። አንዳንዴ ይቆምና ‹እ› ይላል፣ በፒንሳ አንድ ነገር ይነቅላል፣ እንደገና ይስማል። ‹ምን ሆነሃል አንተ?› ብዬ ስጮህበት ዓሣውን ከኋላው ደበቀው። እንደ ሕፃን ልጅ! ‹እትዬ፣ የጣቶቼ ቆዳ ጡብ ሆኗል፣ አጥንቱ አይሰማኝም። ከንፈሬ ግን ይሰማኛል› አለኝ።»

ይህን ስትነግረኝ እየሳቀች ነበር። ከዚያ ሳቋ መሃል ላይ ተቋረጠ። «እኔ እህትሽ ነኝ» አለች፤ «እሞትልሻለሁ። ግን ይህን አላሰብኩትም።» ካፖርቷን አውልቃ ሰቀለችና የእራቱን ነገረችኝ። ዓሣውን አጥንት ልታገኝበት ብላ በጥርሷ እየፈተሸች ነው የበላችው። አላገኘችም። ፍተሻውን መቼ እንደ ተወችው አታውቀውም፤ ትሪው ሲያልቅ ነው የነቃችው።

እኔ ምን ልበልህ? ያን ሁሉ ዓመት አንድ አልጋ ላይ ተኝቼ እንዲህ ያለ ሰው አጠገቤ እንዳለ አላወቅሁም ነበር። አንተ መብራቱን አብርተህ ዓሣ ሲለወጥ አየህና አለቀስክ። እኔም በእታለም ወጥ ቤት ውስጥ ተቀምጬ አንተን አየሁህ። ሰው ይህን ያህል ይወደዳል እንዴ? ደስታ ነው፣ ግን ያስፈራል፤ ትልቅ ቦታ ውስጥ ብቻዬን የገባሁ ያህል ነው የተሰማኝ።

ስለ ቅንድቤ የጻፍከውን መስታወት ፊት ቆሜ ሞከርኩት። ጨዋታ አዋቂ ነው፤ እኔን ራሴን አሳቀኝ።

አሁንም እፈራለሁ፤ አልዋሽህም። ዳቦ ቤቱን እፈራለሁ። ጣቢያው ስገባ የዚያችን ልጅ ድምፅ መስማት እፈራለሁ። ዓሣውንም፣ የሳምከውም ቢሆን፣ እፈራዋለሁ። አፌ ውስጥ ሲገባ ምን እንደምሆን አላውቅም።

ሻንጣውን ግን አልፈታሁትም። በሩ አጠገብ እንዳመጣችው ቆሟል። እታለም ባለፈች ቁጥር ታየዋለች፣ ከዚያ ታየኛለች። ዛሬ ጠዋት አቧራውን ስትጠርግለት አየኋት። ሐኪሙ ዓርብ ያየኛል። የቅዳሜውን አውቶቡስ የሚነዳው ማን እንደሆነ ጠይቅልኝ።

ሚስትህ

*

ታኅሣሥ 22 ቀን፣ ከጠረጴዛው ማዶ

ምን አፍጥጠህ ታየኛለህ? ዋጥኩት እኮ። ደህና ነኝ። አንተም ብላ፤ ማንኪያህን እንደ ያዝክ ነው የተቀመጥከው።

ጨው አንሶታል።

ድገመኝ።